አፈ ወርቅና አፈ ቄሣር

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ወሊሶ የሚሻገር መንገደኛ በወንጪ ተራራ ጫፍ በቆመ ጊዜ ከእግሩ በታች በገደል የተከበበ ሐይቅ ያያል። ያ ስፍራ በጥንት ዘመን እሳት ይተፋ የነበረ የተራራ አፍ ነው፤ ዛሬ ውሃ ሞልቶታል፤ በአካባቢውም ፍል ውሃ ይፈልቃል። በሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ምእመናን በታንኳ እየተሻገሩ ይሳለሙታል። የቂርቆስን ታሪክ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያስታውሰው የፈላውን ጋንና ያዳነውን መልአክ ነው፤ ከጋኑ በፊት የሆነውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። መኮንኑ እለእስክንድሮስ የሦስት ዓመቱን ሕፃን ባስቀረበ ጊዜ አስቀድሞ እሳት አላነደደበትም፤ በለሰለሰ ቃል ሸነገለው እንጂ። ጋኑ የተጣደው ሕፃኑ አንደበቱን አልሰጥም ካለ በኋላ ነው። የቄሣሮች ሁሉ ሥርዓት ይህ ነው፤ ከጉልበት አስቀድመው አፍ ይፈልጋሉ።

ይህ ነገር የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማ የተማሩ ሰዎች ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ታላላቅ ድርሰቶች በሚነጋገሩበት ጊዜ አንድ የተለመደ ቃል አላቸው። የባዕድ አገዛዝ የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚያበላሽ ለማወቅ የኤውሮፓን መጻሕፍት ማንበብ ይበቃል፤ ኢትዮጵያ ግን በቅኝ ግዛት ስላልተገዛች በድርሰቷ እንዲህ ያለ ነውር አይገኝባትም ይላሉ። ይህ ቃል ለጆሮ ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። የአምስቱን ዓመት መከራ እንደ አንድ ክረምት ዝናም ቈጥሮ ማለፍ ነውና።

እነዚህ ሰዎች ዘወትር የሚጠቅሱት የጆሴፍ ኮንራድን መጽሐፍ ነው። ኮንራድ በትውልዱ የፖላንድ ሰው፣ በድርሰቱ ግን እንግሊዛዊ ነበረ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ ወርዶ በወንዝ መርከብ ላይ ሠራ። ኮንጎ ያን ጊዜ የቤልጅግ ንጉሥ የዳግማዊ ልዮፖልድ የግል ይዞታ ነበረች። ኮንራድ በዚያ ካየው ተነሥቶ በ1899 «የጨለማ ልብ» የተባለውን ድርሰት አወጣ። በዚያ ድርሰት ውስጥ ኩርትዝ የሚባል የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢ አለ። ኩርትዝ ተራ ወንበዴ አይደለም፤ የተማረ፣ ሥዕልና ዜማ የሚያውቅ፣ ከሁሉም በላይ ንግግሩ ሰውን የሚያስደንቅ ሰው ነው። አሕዛብን ስለ ማሠልጠን የሚናገር ያማረ ጽሕፈት ጻፈ፤ በጽሕፈቱ ግርጌ ግን ሁሉን የማጥፋት ምክር በገዛ እጁ ጨመረበት። አንደበቱና ግብሩ እንዲህ ተለያዩ። ይህን ማሳየቱ ለኮንራድ የሚመሰገንለት ነገር ነው።

ነገር ግን ኮንራድ ጥፋቱን በጫካው ላይ ያላክካል። ነጩ ሰው የተበላሸው ከቤቱ ይዞት በመጣው ስስት ሳይሆን ወንዙና ጨለማው ስላሳበዱት ይመስላል። የአገሩ ሰዎች ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገሩት ከጥቂት ቃል አይበልጥም፤ ይጮኻሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይሞታሉ እንጂ አሳብ የላቸውም። የናይጄርያው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ነውር ገልጦ ተናገረ፤ ትክክልም ፈረደ። አፍ የተነፈገ ሕዝብ ሊበድልም ሊጸድቅም አይችልም፤ ኮንራድ አፍሪካውያንን ከኃጢአት እንኳ አሳነሳቸው።

የከተማው ምሁር ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ከኮንራድ የተማረው ነገር፣ ቅኝ ግዛት የሚያበላሸው የሚገዛውን ነጭ ብቻ እንደ ሆነ ነው። የሚገዛው ሰው ነፍስስ? የሚገዛው አገር ሊቅስ? ለዚህ መልስ ኮንጎ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ድርሰት የታተመው በሮም ከተማ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይህም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 1908 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ልዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጅግ መንግሥት አስረከበ። የመጽሐፉ ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦብያ» እየተባለ ተጠራ፤ ደራሲው አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው።

አፈ ወርቅ የተወለደው በጣና ሐይቅ አጠገብ በዘጌ በ1860 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም እንደ ወንጪ ሰዎች የሐይቅና የደብር ልጅ ነበረ ማለት ነው። ሥዕል ይማር ዘንድ ወደ ኢጣልያ ተላከ፤ በቶሪኖም ተማረ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ተጣልቶ እንደ ገና ወደ ኤውሮፓ ሄደ፤ የዐድዋ ጦርነት በተቃረበ ጊዜም ከስዊስ ተነሥቶ ወደ ጠላት ወገን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በናፖሊ አማርኛ አስተማረ፤ ከልብ ወለዱም በቀር የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ጽፎ በሮም አሳተመ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ተሾመ፤ በሮምም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ቈየ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከኢጣልያኖች ጋራ ወገነ፤ እነርሱም «አፈ ቄሣር» የሚል ሹመት ሰጡት።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው በዚህ ስም ላይ ጥቂት ይዘግይ። አፈ ወርቅ ማለት ከቤተ ክርስቲያን አባቶች የአንዱ የዮሐንስ አፈ ወርቅ ስም ነው። ያ አባት በቍስጥንጥንያ መንበር ተቀምጦ ንግሥቲቱን አውዶክስያን ገሠጸ፤ ስለዚህም ተጋዘ፤ በግዞት መንገድ ላይ ሳለም በ407 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ዐረፈ። አፉ ወርቅ የተባለው ስለ ንግግሩ ማማር ነው፤ ያ አፍም ለቤተ መንግሥት አልተሸጠም። የዘጌው ሰው ግን ያን ስም ከአባትና ከእናቱ ተቀብሎ በስድሳ ስምንት ዓመቱ በቄሣር ስም ለወጠው። «አፈ ንጉሥ» የሚለውም የአገሩ ማዕርግ የፍርድ ማዕርግ ነበረ፤ ጠላት ንጉሥን አውጥቶ ቄሣርን ተካበትና ሹመቱን ሰጠው። ሰሙ የአገር፣ ወርቁ የሮም ሆነ። እንዲህ ያለውን ኅብረ ቃል ከጎንጅም ከዋሸራም የወጣ ባለቅኔ አስቦ ሊፈጥረው ባልቻለ ነበር።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንመለስ ዘንድ ይገባል፤ ክፋቱ ከዚያ ይገለጣልና። በ«ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ የክርስቲያኖች የጦር አለቃ ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ነጻ እንዲወጣ ያደርጋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ልመልስ ብሎ ሲወጣ እርሱ ራሱ በባርነት ይያዛል፤ መንትያ እኅቱ ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ ልትፈልገው ትነሣለች። በአረማዊ ንጉሥ እጅ ትወድቃለች፤ ንጉሡ ግን ርኅሩኅ ነው። በፍጻሜው ንጉሡ ከነሕዝቡ ተጠምቆ ጦብያን ያገባል፤ ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል። እንግዲህ አፈ ወርቅ ኮንራድ ያላደረገውን አድርጓል፤ ለባዕዱ ንጉሥ አፍና ምሕረት ሰጥቶታል፤ ሁለቱን ሕዝብም በጋብቻ አስታርቋል። የጦብያ ስም የኢትዮጵያ ስም መሆኑንም ሕፃን ያውቀዋል።

ይህን የጻፈ ሰው አፍ የሆነለት ቄሣር ምን ሕግ አወጣ? በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከአገሩ ተወላጅ ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ሆኖ የሚኖር ኢጣልያዊ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር ብሎ አወጀ። በ1938 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ ጋብቻውን ራሱን ከለከለ። አፈ ወርቅ ሚስቱ ኢጣልያዊት ነበረች። በጎልማሳነቱ ሁለት ሕዝብ በተክሊል የሚታረቁበትን ታሪክ ጻፈ፤ በሽምግልናው የገዛ ቤቱን እንደ ነውር የሚቈጥር መንግሥት አፍ ሆነ። በልብ ወለዱ ውስጥ ነጋዴው ገንዘቡን ሲሰጥ ዋጋ አልጠየቀም፤ ቄሣር ግን ምንም ነገር በነጻ ሰጥቶ አያውቅም። የኩርትዝ ጽሕፈትና የግርጌው ቃል የተለያዩትን ያህል የዚህም ሰው መጽሐፍና ሹመት ተለያዩ። ልዩነቱ፣ ኩርትዝ በአሳብ የተፈጠረ ሲሆን አፈ ወርቅ ሥጋ ለብሶ በአዲስ አበባ መንገድ የሄደ መሆኑ ነው። በዚሁ ዘመን «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል ጋዜጣ በአማርኛ ፊደል ይታተም ነበር፤ ቅዱስ ያሬድ ያመሰገነባት ፊደል የግራዚያኒን ዐዋጅ ተሸከመች።

ተከራካሪው በዚህ ጊዜ፣ ሰውየው ፈርቶ ነው፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን ነበረ ይላል። ፍርሃትን ማንም አይነቅፍም። በቂርቆስ ታሪክ እናቱ ኢየሉጣ የጋኑን ድምፅ በሰማች ጊዜ ደነገጠች፤ ሕፃኑም ጸለየላት፤ አጸናት፤ ቤተ ክርስቲያንም ከልጇ ጋራ በአንድ ቀን ታከብራታለች። ፈርቶ ዝም ማለት ሌላ ነው፤ አፍን ማከራየት ሌላ ነው። አፈ ወርቅ በ1888 ዓ.ም. ወደ ጠላት ሲሻገር በስዊስ አገር ማን ጋን ጣደበት? በ1928 ዓ.ም.ስ አንድ ሽማግሌ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ቢዘጋ ከዚህ በላይ ማን ይጠይቀው ነበር?

በዚያው ሰዓት ሌሎች የነበሩ አይደለምን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍታቸውን ትተው ተሰደዱ፤ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት ዐረፉ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የደብረ ኤልያስ ቅኔ ዐዋቂ፣ ወደ ሱዳን ተሰደው በዚያም ብዕራቸውን ለአርበኞች አዋሉ። ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ምድር፣ ከጅባትና ሜጫ፣ ጃገማ ኬሎ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ዱር ገባ። ከፈላስፎች መጽሐፍ አንብቦ የሄደ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በወጉበት ጊዜ ጠላት እሳቸውን ያዘ፤ አርበኞችን እንዲያወግዙ ጠየቃቸው። የፈለገው የጳጳሱን ደም አልነበረም፤ አፋቸውን ነበረ። እንቢ ባሉ ጊዜ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ገደላቸው። ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ከእሳት ያወጣበት በዓል ነው። በመካከሉ ሦስት ቀን ብቻ አለ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ እንዲሁ በጠላት እጅ ሞቱ።

ካህናት ይህን አንብበው ነገሩ የምእመናን ደራስያን ነው፣ እኛን አይነካም ብለው ደስ እንዳይላቸው። በ1930 ዓ.ም. ጠላት ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ መንበር ለይቶ አቡነ አብርሃምን በላይዋ በሾመ ጊዜ ሹመቱን የተቀበሉት ጳጳስ ነበሩ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም አወገዛቸው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ እንደ በግ ታርደው ሳለ ከስድስት ወር በኋላ ያን ሹመት ለመቀበል እጅ መዘርጋቱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ካህን በልቡ ይመዝን።

እንግዲህ የዚህ መበላሸት ሥር ወዴት ነው? ቄሣር ከሮም ይዞት መጣ ማለት ኮንራድ በጫካው እንዳላከከ ማላከክ ነው። ቄሣር ያገኘው የተዘጋጀ አፍ ነበረ። አፈ ወርቅ በ1901 ዓ.ም. ያሳተመው የምኒልክ ታሪክ ምስጋና የበዛበት ነው፤ ያውም በዐድዋ ጊዜ የከዳቸውን ንጉሥ ማመስገኑ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ወዲያው በአጤ ምኒልክ ላይ በጻፈው ድርሰት፣ ይህ ውዳሴ እንጂ ታሪክ አይደለም ሲል ነቀፈው። ያን ተግሣጽ የሰማ ጥቂት ነበረ። ያ ሰው ከጣልያኖች ጋራ በዋለ ጊዜ ሁሉ ተደነቀ፤ ነገር ግን ከተቀመጠበት ዙፋን በቀር ምን ተለወጠ? የሚያመሰግነው አፍ ያው ነበረ።

ይህ ልማድ የተማረው ከኢጣልያኖች አይደለም። እውነት ከተነገረ ከቅኔ ማኅሌት ነው። ደቀ መዝሙር ዘአምላኪየ መቍጠር ገና ሲጀምር ለጌታ ግብር የሚቀርብ ቅኔ ያዘጋጃል፤ ለመኰንኑ መወድስ ቢያምርለት ካባ ይለብሳል፤ ደብር ይሾማል። የእግዚአብሔርን ስም በሰሙ አስቀምጦ የሹሙን ሆድ በወርቁ የሚሞላ ስንቱ ነው! መምህራንም ይህን እያዩ፣ ቤቱ አልሞላም፣ ቃሉ አልገጠመም ብለው ያርማሉ እንጂ፣ ልጄ ሐሰት ተናገርህ ብሎ የሚገሥጽ ብርቅ ነው። ዛሬም በአምቦም ሆነ በወሊሶ፣ በጊንጪም ሆነ በሌላ ከተማ፣ የክብር እንግዳው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ ያልቃል፤ የስሙ ስፍራ ብቻ ክፍት ይተዋል። እንዲህ ያለ ክፍት ስፍራ ቄሣርም ቢመጣ ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ በሌላ ወገን የሚነሡ ሰዎች አሉ። የከሐዲ መጽሐፍ ከሆነ ከትምህርት ቤት ይውጣ፤ አይነበብ ይላሉ። ለእነዚህ መልሱ አጭር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሰሎሞንን መጻሕፍት ከቀኖና አላወጣችም። ምሳሌውንም መክብቡንም መኃልዩንም ታነባለች። ነገር ግን ያንኑ ሰሎሞን በእርጅናው ሴቶች ልቡን እንዳዘነበሉትና ለባዕድ አማልክት መስገጃ እንደ ሠራ የሚናገረውን መጽሐፈ ነገሥትን ከምሳሌው ጋራ በአንድ ጥራዝ ታኖረዋለች። ጥበቡን ስለ ውድቀቱ አልደመሰሰችም፤ ውድቀቱንም ስለ ጥበቡ አልሸፈነችም። የአማርኛ አስተማሪዎች ግን ይህን አይከተሉም። «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው ነው ብለው ቋንቋውን ያስመሰግናሉ፤ ስለ አፈ ቄሣር ግን ተማሪው ሳይሰማ ክፍሉን ያልፋል። ሥነ ጽሑፍን ከፖለቲካ እንለይ ይባላል። በውኑ አፍን ከቄሣር መለየት የነበረበት ደራሲው አልነበረምን?

እንደዚህ የማንበብ አብነት ለአምቦ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በአምቦ አጠገብ በቦዳ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነው፤ አቡነ ጴጥሮስ በተገደሉ በሳምንታት ውስጥ ማለት ነው። እርሱ ኋላ ስለ ጳጳሱ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚለውን ሥራ ጻፈ። ከሸክስፒር ድርሰቶችም ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ኦቴሎ በጆሮው በገባ ሽንገላ የጠፋ የአፍሪካ ሰው ታሪክ ነው። በዚያው በ1928 ዓ.ም. አንዱ ጳጳስ አፋቸውን ነሥተው ሞቱ፤ አንዱ ደራሲ አፉን ሰጥቶ ተሾመ፤ አንድ ሕፃን ተወለደ። በአምቦ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ትምህርት ሊሰማው ይችላል፤ አስተማሪው ከፈቀደ።

አፈ ወርቅ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ተፈርዶበት ወደ ጅማ ተጋዘ፤ በዚያም በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተ። ዮፍታሔ ንጉሤም ከጥቂት ወራት በፊት በ1939 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። የሁለቱም መጽሐፍ ዛሬ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማል። ጥር 15 ቀን የቂርቆስ በዓል በሚውልበት ጊዜ አንባቢው ስንክሳሩን ገልጦ ያነባል፤ የሕፃኑን መልስ ብቻ መርጦ አያነብም፤ የመኮንኑንም ሽንገላ ሳያስቀር ለሕዝቡ ያሰማል።